አረም የለመንሁበት ክረምት

እኔ ብዙ አላወራም። ጎረቤቴ ዘሐራ «አንቺ ዝም ስትይ ነው የምፈራው፤ አንድ ነገር ልትሠሪ ነው» ትለኛለች። ስታጋንን ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ የሆነውን ካየሁ በኋላ ግን እውነቷን እንደሆነ አምኛለሁ። እናንተም ፍረዱ። ብቻ ስትፈርዱ ቀስ ብላችሁ ይሁን፤ እናት ነኝ።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባሰል ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማርልኝ። እግዚአብሔር የሰጠኝ አንዲት ልጅ ናት፣ ማኅሌት። ስለ ዕፅዋት ተማረች፣ ተመረቀች፣ ጥቁሩን ካባ ለብሳ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ቤት ተቀመጠች። እሷ ሥራ ትፈልጋለች፤ ሥራው እሷን አይፈልግም። እኩዮቿ አንድ በአንድ ወደ ዐረብ አገር ሄዱ። የዘሐራ ሴቶች ልጆችም እዚያ ናቸው። ዘሐራ የልጅ ልጇን የምታውቃት በስልክ ነው። ስልኩን ትስመዋለች፤ ከዚያ መስታወቱን በሻሿ ትወለውላለች። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። የእኔዋም ፓስፖርት አውጥታ ነበርና።

ፈጣሪ ይመስገን፣ በግንቦት ወር አንድ መሥሪያ ቤት ደሴ ላይ ለሙከራ ቀጠራት። ሥራው እንዲህ ነው፦ ድንጋይ ወይም ጠጠር ሊወጣበት የታሰበ ቦታ ሲኖር፣ ቁፋሮው ሳይጀመር ሄዶ ምን ዛፍ፣ ምን ቁጥቋጦ፣ ምን አረም እንዳለበት ማየትና መመዝገብ። «የመጀመሪያውን ሥራሽን እንይና ትቆዪ ወይም አትቆዪ እንደሆነ እንወስናለን» አሏት። የመጀመሪያው ሥራዋ የት ቢደርሳት ጥሩ ነው? ከቤቴ ፊት ለፊት፣ የመንደሩ ከብት የሚውልበት ጠጠራማ ጉብታ ላይ። ከዚያ ለመንገድ የሚሆን ጠጠር ሊወጣ ነው። ልጄ ከደጄ ላይ ሥራ ተገኘላት። ተመስገን አልሁ። ተመስገን ብዬ ብቀመጥ ደግሞ ምን ነበረበት?

በሰኔ ወር አንድ ቀን ደወለች።

«እማ፣ ማክሰኞ ከአለቃዬ ጋር እንመጣለን። ጉብታውን ልናይ ነው።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ።»

«አረሙ ግን በጣም ያሳስበኛል። በተለይ ያ ቅንጬ አረም።»

ቅንጬ አረም የምንለው ያ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው ነው፤ የተማሩት ፓርቲኒየም ይሉታል። ሰው ሲነካው ያሳክካል፤ ላም ስትበላው ወተቷ ይመርራል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ሆኖ መጣና ባለቤት ሆነ።

ልጄ ያለችኝን በደንብ ሰምቻለሁ። አረሙን ሊያዩት እንደሚመጡ ገብቶኛል። ልቤ የያዘው ግን «ያሳስበኛል» የምትለዋን ብቻ ነው። ልጄን የሚያሳስብ ነገር ከዓይኔ ፊት በቅሎ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ደግሞ አለቃዋ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ይጠረጋል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ በኋላ የመጣውን ሳስብ ግን ይህን ለመርሳት ነበር መግባት የነበረብኝ።

ዘሐራ ቤት ሄድሁ።

«ደቦ ልጠራ ነው» አልኋት።

«ምን ልታሳርሚ? ጤፍሽ ገና አልተዘራ።»

«ጉብታውን።»

ዘሐራ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ጉብታ የሚያሳርም ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«የማኅሌት አለቃ ይመጣል።»

«አይ፣ እንደሱ በይኝ እንጂ። ታዲያ ልጅቷን አረም መሐል አቁመን ልናሳፍራት ነው? አብሽሪ። ወላሂ መሬቱን እንደ ገበታ ነው የማደርግልሽ።»

ቅዳሜ ደቦው ወጣ። የሐዋርያት ጾም ነበርና ንፍሮ ቀቀልሁ፤ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም እንዲሆን የማያሰክረውን ቅሪቦ አዘጋጀሁ። የደቦው አዝማች የዘሐራ ባል አያ ሙሄ ሆነ። አያ ሙሄ በአምባሰል ዜማ ማንጎራጎር ይወዳል። ያ ዜማ ደግሞ ሆድ ያባባል። አረሙም የመሄጃው ቀን መድረሱ የገባው ይመስል እሺ እያለ ከነሥሩ ይወጣል። ቅንጬውን ነቀልነው። አሜኬላውን ነቀልነው። አስተናግሩን፣ መጩን፣ ስሙን የማናውቀውንም ነቀልነው። አያ ሙሄ ክትክታውን በማጭድ ከረከመው፤ አጋሙን ዙሪያውን እንደ ሙሽራ ጠጉር አስተካከለው። ዘሐራ መጥረጊያ ይዛ ከላይ ጀመረች።

«ዘሐራ፣ ጠጠር ይጠረጋል?»

«አቧራ እንደለበሰ ለእንግዳ ይቅረብ ነው የምትይው?»

የተነቀለው ክምር ሆነ። እኔ ግቢ ግብርናዎች ያስቆፈሩኝ የኮምፖስት ጉድጓድ አለ፤ «ከሚባክን እዚያ ይግባ» ተባለ። ሸራ ላይ ጫንነውና አህያዬ ከጉብታው እስከ ግቢዬ እየጎተተች አመላለሰችው። ሲመሽ ቆመን አየነው። ጉብታው አምሮበት ነበር። ቅዳሴ የሚቀደስበት ይመስላል። እኔ ዝም አልሁ። ዘሐራ ዝምታዬን ስታይ መፍራት ነበረባት።

ማክሰኞ ነጭ መኪና መጣ። ማኅሌት ስትወርድ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ኮፍያ አድርጋለች፤ ገመድና በአራት ማዕዘን የተገጠመ እንጨት ይዛለች። ልቤ ሞላ። አባቷ ቢያያት ብዬ አሰብሁ። ቀና ብላ ጉብታውን አየች። ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

አለቃዋ አቶ ታምራት ይባላል፤ መነጽር ያደረገ፣ ቀጠን ያለ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው።

«ይሄ ነው እንዴ?» አላት።

«ይሄ… ይመስለኛል።»

«ከዚህ በፊት የተነሣው ፎቶ ላይ ያለው እኮ ጫካ ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ቦታውን ፈለገ። ስልኩ እዚህ ነው አለው። ስልኩን አራገፈው። ስልኩ አሁንም እዚህ ነው አለ። ተመልሰው መኪና ውስጥ ገቡና ጉብታውን ዞሩት። እኛ እጃችንን ታጥበን ተሰልፈን እናያለን።

«አየሽ፣ ማመን አቅቷቸው እኮ ነው» አለችኝ ዘሐራ።

እውነቷን ነበር።

ተመልሰው ሲመጡ አያ ሙሄ ወደፊት ወጣ። ንግግር አዘጋጅቷል። «እንኳን በሰላም መጣችሁ። እንደምታዩት መሬቱን አጽድተን ነው የጠበቅናችሁ። አንዲት አረም ብታገኙ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«አጽድታችሁ ማለት?» አለ አቶ ታምራት።

«ከሥሩ» አለ አያ ሙሄ፣ በኩራት።

ማኅሌት ሌላ ሰው አላየችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ እኔን አየችኝ።

«እማ።»

«ወዬ።»

«አንቺ ነሽ?»

«ያሳስበኛል አላልሽም?»

ዓይኗን ጨፈነች። አባቷም ሲጨንቀው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያኔ አየሁ። ያን አራት ማዕዘን እንጨት ወደ ፊት ይወረውሩታል። ከወደቀበት ሄደው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይቆጥራሉ። ማኅሌት ወረወረች። ሄዱ። ጎንበስ አሉ። ጠጠር ነው። ደግማ ወረወረች። ጠጠርና አንዲት ጉንዳን ናት፤ እሷም የጠፋባት ትመስላለች። ሦስተኛው ዘሐራ ረስታው ከሄደችው መጥረጊያ ላይ ወደቀ።

«ይሄኛው ተክል ነው» አለች ዘሐራ፣ ልትረዳ። «ይቆጠር።»

ማኅሌት ወደ እኛ መጣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ልጄ ስትከፋ ድምጿ ይቀንሳል።

«እትዬ ዘሐራ፣ አረሙን የምናየው ልናስነቅለው አይደለም። የትኛው፣ የት፣ ምን ያህል እንዳለ ካላወቅን፣ ቁፋሮው ሲጀመር መኪናው ዘሩን ከጠጠሩ ጋር ጭኖ መንገዱ በሚሄድበት ሁሉ ያዳርሰዋል። የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። እኛ የመጣነው ያ እንዳይሆን ነው።»

«አሁንማ ጠፍቷል። የለም ብለሽ ጻፊና ተገላገይ።»

«የለም ብዬ ከጻፍሁ ዋሸሁ። ዘሩ መሬት ውስጥ አለ።»

ሁላችንም መሬቱን አየነው። ንጹሕ ነበር። እንደዚያ ቀን ንጽሕና አስጠልቶኝ አያውቅም።

ያኔ ነው አያ ሙሄ መላ ያመጣው። «እንመልሰዋ» አለ።

ቀልድ ይመስላችኋል። ወደ ግቢዬ ወርደን ከጉድጓዱ አወጣን፤ ተሸክመን ወጣን። ዕድሜዬን ሙሉ አረም ስነቅል የኖርሁ ሰው ተንበርክኬ አረም ተከልሁ። ጣቴን ጠጠሩ ውስጥ አስገብቼ ጉድጓድ አበጅቼ፣ አቁሜ፣ ዙሪያውን ጠቀጠቅሁለት። ሦስት ቀን ከመሬት ወጥቶ የዋለ አረም ግን አይቆምም። አንገቱን ደፍቶ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስላል። ከኋላዬ ክርክር ተነሳ።

«ይሄ እዚያ ነበር።»

«የለም፣ እዚህ ነበር። እኔ ነኝ የነቀልሁት።»

«አስተናግሩን ከአጋሙ ጎን አድርጊው፤ ይስማማሉ።»

አቶ ታምራት መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ሳያይ መቆም የመረጠ ይመስለኛል።

«እናቶቼ፣ በቃ፣ ተዉት» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከመኪናው ጎን ሆኖ ለማኅሌት ሲነግራት ሰማሁ። «በነሐሴ አጋማሽ ተመልሰን እንመጣለን። ዝናቡ ከጣለ ይበቅላል። ካልበቀለ ግን ለመሥሪያ ቤቱ የማሳየው ነገር የለኝም። ስለ አንቺስ እናቆያት ብዬ በምን እከራከራለሁ?»

«ልክ ነህ» አለች ልጄ።

ያን ቀን ማኅሌት ከእኔ ጋር ቀረች። አመሻሹ ላይ ራታችንን ከአንድ ሳህን በላን። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም።

«ለምን አትቆጪኝም?» አልኋት።

«ምን ብዬ? የሌላው ሰው እናት ምሳ ትቋጥርለታለች። የእኔዋ ተራራ ታርምልኛለች።» ሳቅ አለች። ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «ካልሆነ ግን እሄዳለሁ እማ። እስከ መቼ በአንቺ ጫንቃ ላይ እኖራለሁ?»

«ጫንቃዬ ከበደኝ ብሎ ነግሮሻል?»

«እሱም እንዳንቺ አይናገርም።»

ጠዋት ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ አስጠነቀቀችኝ። «እኔ እስክመጣ አንዲት አረም እንዳትነኪ። የትም ቢበቅል። ማይልኝ።» መማል አልወድም። ማልሁላት።

ከዚያ ጥበቃው ተጀመረ። ሰው ከብት የሚያባርረው ከሰብሉ ላይ ነው፤ እኔ ገና ካልበቀለ አረም ላይ አባርር ጀመር። ዱላ ይዤ ጉብታው ላይ እውላለሁ። ፍየል መጣች፣ አባረርኋት። አያ ሙሄ በሬውን ይዞ መጣ።

«እቱ፣ ትንሽ ሣር ቢግጥስ?»

«ሣሩም ይመዘገባል አያ ሙሄ።»

«እኔስ ባልፍ እመዘገባለሁ?»

«እግርህን አንሥተህ እለፍ።»

አያ ሙሄ እግሩን እያነሣ አለፈ። በሬውም እያየው ነበር።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ግን ቀረ። ጠዋት ይደምናል፤ ቀትር ላይ ነፋሱ ደመናውን ወደ አምባሰል ጠርጎ ይወስደዋል። ወሎ ላይ ዝናብ ሲዘገይ ቀልድ የለም። ሽማግሌዎች ሰማይ ያያሉ፤ እናቶች ጎተራ ያያሉ። ሁሉም ለሰብሉ ምሕላ ይዟል። እኔም ከመሐል ቆሜ እለምናለሁ፤ ልመናዬ ግን አጠገቤ ካለው ሰው ጋር አንድ አልነበረም። ሲወጣ ከሰው ጸሎት ጋር ተደባልቆ አያስታውቅም ብዬ ተጽናናሁ። ደግሞ አሳፈረኝ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የንስሐ አባቴን ጠብቄ መስቀል ተሳለምሁ።

«አባ፣ በጸሎት ያስቡኝ።»

«በምን ጉዳይ ልጄ?»

«በአረም።»

«እንዲጠፋልሽ?»

«እንዲበቅልልኝ።»

አባ ጠጋ ብለው አዩኝ። «ደህና ነሽ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ስጨርስ መስቀላቸውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«እንክርዳዱን እስከ መከር አትንኩት የተባለውን ስንት ጊዜ አስተማርሁሽ?»

«ብዙ ጊዜ አባ።»

«ታዲያ የት ሆነሽ ነው የምትሰሚው?»

«እዚያው ፊት ለፊትዎ ነኝ። ለሌላ ሰው የተነገረ መስሎኝ ነው።»

አባ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት። «አዳም ሲባረር እሾህና አሜኬላ ይብቀልብህ ተባለ። ይኸን ርግማን በልመና የፈለገ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሂጂ፤ ለልጅሽ እጸልያለሁ። ስለ አረሙ እሱ ያውቃል።»

ከዚያ ቤቴ መጥቼ ወደ ግሸን አቅጣጫ ዞሬ ቆምሁ። እመቤቴን ብዙ አላስቸግራትም። «ልጄን ከአጠገቤ አታርቂብኝ» አልኋት። «አረሙን ጉብታው ላይ ብቻ አድርጊው። የሰው ማሳ ውስጥ አይሁን።»

ዘሐራ ከአጥሩ ማዶ ሆና ሰምታኛለች። «አንቺ ደግሞ ለማርያምም ድንበር ታካልያለሽ?»

«የማን ማሳ እንዲበላሽ ትፈልጊያለሽ? ያንቺ ነው የሚቀርበው።»

«እሱስ ነው።» ዘሐራ ስልኳን በሻሿ ትወለውላለች። «እኔም ዱዓ አድርጌልሻለሁ። ምን ብዬ እንደለመንሁ ግን አትጠይቂኝ፤ አላህን አፍሬዋለሁ።» ቆይታ ደግሞ፣ «ያንቺ እንኳ ትቅር» አለች።

እጄን በአጥሩ ላይ አሳልፌ እጇን ያዝሁ። ሁለታችንም ወደ ሰማይ አላየንም።

የቁልቢ ገብርኤል ዕለት፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ዝናቡ ወረደ። ከወረደም አላቋረጠም። የሁሉም ሰው ጸሎት ተሰማ፤ የእኔም ከመሐሉ ገብታ ተሰማች። መጀመሪያ ጉብታው እንደ ሕፃን ልጅ ራስ ለስላሳ ጠጉር አበቀለ። ከዚያ ቅጠል ሆነ። አንድ ጠዋት ወጥቼ ሳየው አረንጓዴ ነው። ተንበረከክሁ። ቅንጬ አረም ፊት ተንበርክኬ አመሰገንሁ፤ ምስጋናው ለቅንጬው ሳይሆን ለሰጪው እንደሆነ እሱ ያውቃል። ከዚያ ደወልሁ።

«ማሂዬ፣ በቅሏል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ዘሐራ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ቅንጬው ቅጠል አውጥቷል፣ አስተናግሩም ደህና ነው፣ አሜኬላው እግሬን ወግቶኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ወላሂ እንደዚህ ያማረ አረም አይቼ አላውቅም።»

በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ መጡ። እኔ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ከጉብታው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀመጥሁ፤ እጄን አላምነውም ነበር። ማኅሌት እንጨቷን ወረወረች። ተንበረከከች። አንዷን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ገለበጠቻት፤ ስሟን ጠርታ፣ ቆጥራ፣ ተመልሳ ቀና አደረገቻት። ረጅም ሰዓት ሠራች። አቶ ታምራት ከኋላዋ ሲጽፍ እጁ አልደረሰላትም። ልጄ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። እንደዚያ ሳትመለከተኝ ቀርታ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ከጨረሱ በኋላ አቶ ታምራት ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ወደ ታች ወደ መንደሩ ተመለከተና መነጽሩን አስተካከለ።

«ማኅሌት፣ ያ ምንድን ነው?»

ከጉብታው ግርጌ ጀምሮ አንድ አረንጓዴ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሰው በገመድ ለክቶ የዘራው ይመስላል። ነጭ በነጭ ሆኖ አብቧል። በሣሩ መሐል፣ በእግር መንገዱ፣ በዘሐራ ማሳ ዳር አድርጎ ይሄዳል።

ሸራው በተጎተተበት ነበር።

አይቼው ነበር። ምኑን እደብቃችኋለሁ፣ በየቀኑ ስረግጠው ነበር የማልፈው። ግን አንዲት አረም እንዳትነኪ ተብዬ ምያለሁ። በግቢዬ በር ላይ የበቀለውንም አልነካሁም።

ማኅሌት መስመሩን ይዛ ወረደች። አቶ ታምራት ተከተላት። እኔ ተከተልሁ። ዘሐራና አያ ሙሄ እኔን ተከተሉ። እንደ ቀብር ሥርዓት ሆነ። መስመሩ ማሳውን አለፈ፤ መንገዱን ተሻገረ፤ ግቢዬ በር ደረሰ። በሩን አልፎ ገባ። ኮምፖስት ጉድጓዱ ላይ ወገብ ድረስ አድጎ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያ አረም ከላዬ ይበቅል ነበር።

«የማን ግቢ ነው?» አለ አቶ ታምራት።

ጉብታውን ያበላሸሁት አንሶ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ልትከላከል የመጣችውን መከራ በአህያዬ አስጎትቼ መንደር አስገብቻለሁ። አንድ ቃል ብትናገር በራሷ ላይ ነው።

«የእናቴ ነው» አለች ማኅሌት። ድምጿ አልቀነሰም። «ጉብታውን ያረመችው እሷ ናት። የተነቀለውን በአንድ ሸራ፣ በአንዲት አህያ፣ በአንድ ቀን ነው ያመላለሱት። ያ ሁሉ መስመር የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሁን ጠጠር የሚጭኑ መኪናዎች በየቀኑ ወደ አምባሰል ሲመላለሱ አስበው።»

አቶ ታምራት መስመሩን ወደ ላይ ተመለከተው። ከዚያ ወደ ታች።

«ይሄን በጽሑፍ ብናቀርበው ማንም አያነበውም ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን ግን ያዩታል። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አረሙ ዘር ሳያፈራ ይወገዳል፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይከመራል፤ ጎማው ሳይታጠብ የሚወጣ መኪና አይኖርም። ይህ ካልተጻፈበት እኔም አልፈርምም።» ስልኩን አወጣ። «እናቴ፣ እዚያች ጋ ይቁሙልኝ።»

«ፊቴን አታንሣኝ ልጄ።»

«እግርዎን ብቻ ነው።»

ከነአረሙ እግሬን ፎቶ አነሣኝ። አሁን ደሴ ላይ ቢሮ ውስጥ እግሬ ይታወቃል ይሉኛል።

መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ወደ ማኅሌት ዞረ። «በመስከረም የሚቀጥለው ቦታችን ውጫሌ ማዶ ነው። ተዘጋጂ።»

ዘሐራ ክርኔን ጎተተችኝ። ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል። «ምን አላት?»

«ተዘጋጂ አላት።»

«ለመሄድ?»

«ለመቅረት።»

ዘሐራ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «እንግዲህ ይሄን ማን ይነቅለዋል?» አለች፣ ወደ ግቢዬ እያየች።

እኛው። መሐላዬም ተፈታልኝ። ማኅሌት ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ ትመጣለች። ጓንት አምጥታልኛለች፤ እንዳያሳክከኝ። ከላይ ከጉብታው ግርጌ ጀምረን፣ እሷ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን፣ መስመሩን ይዘን እንወርዳለን። የምንነቅለውን ጆንያ ውስጥ እየከተትን አፉን እናስራለን፤ ከዚያ ይቃጠላል። መጎተት ቀርቷል። እሷ ስለ ሥራዋ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ።

ዘሐራ ከማሳዋ ዳር ሆና ታየናለች። «በዚህ አያያዝሽ ለከርሞም አትጨርሺውም» አለችኝ ባለፈው። «የድሮው እጅሽ የት ሄደ?»

«አርጅቷል» አልኋት።

አላረጀም። ዘር ያፈራውን ቶሎ እነቅላለሁ፤ ልጄ አደራ ብላኛለች። ገና ለጋውን ግን ቀስ ብዬ ነው። ማኅሌት ጫፍ ደርሳ ቆማ ትጠብቀኛለች። አይታኛለች፤ ምንም አትልም። ተመስገን።